እህል የቀመሰ ሽማግሌ፦ አራት ቀን በከሚሴ

ወደ ደሴ የሄደ ሰው ሁሉ በከሚሴ አልፏል፤ ከሚሴ የሄደ ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔም እስካለፈው ኅዳር ድረስ የማውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነበር። ባጃጇንና መንገድ ዳር የተደረደረ ፓፓያዋን አያለሁ፣ ስለ ሙቀቷ አማርራለሁ፣ አልፋለሁ። አሁን ግን ሰው ቤት አድሬባት፣ በልቼባት፣ ትንሽም ተዋርጄባት ተመልሻለሁ። እንደኔ ጉልበታቸውን እያመማቸው እዚያ ድረስ መሄድ ለማይችሉ ሰዎች የሆነውን እንደሆነ ልንገራቸው ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

መጀመሪያ ስለ ራሴ። ሠላሳ ዓመት ሂሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ የኮልፌ ሰው ነኝ፤ ሰፈሩ ቲቸር ከድር ይለኛል። ያን ሁሉ ዘመን ሰሌዳ ላይ ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ስጽፍ ኖሬ እኔም እንደዚያው ሆኜ ቀረሁ። «ከድር አንድ ቃል ነው ያለው» ይሉኛል፣ ሲሉኝም ደስ ይለኛል። የሚያወላውል ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል።

እንግዲህ ይህ አንድ ቃል ያለው ሰው ሁለት ተቃራኒ አደራ ተሸክሞ ነው የተነሳው። የእህቴ ልጅ ሰሚር ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነው። አባቱ ከሞተ በኋላ እኔና እናቱ ነን ያሳደግነው። ከሚሴ ላይ ጦይባ የምትባል ነርስ ወደደና «ጋሼ፣ ሽማግሌ ሆነህ ጠይቅልኝ» አለኝ። እሺ አልኩት። በማግስቱ ደግሞ እናቱ ዘይነባ መጣች።

«ከድርዬ፣ ሂድ። ግን እንዳይሆን አድርገው። እነሱ እምቢ ያሉ ይምሰል» አለችኝ። ምን እንዳስጠላት ብጠይቃት፦ «አንድ ልጅ ነው ያለኝ። እዚያ አግብቶ እዚያው መቅረቱ ነው። ምራቴ ከናቷ ጋር በማላውቀው ቋንቋ ስትሳሳቅ እኔ ግድግዳ ሳይ ልኖር ነው?» አለች። እሷንም እሺ አልኳት። እውነቱን ለመናገር ልቤ ከእህቴ ጋር ነበር።

ሐሙስ

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። ሁለቱ ከኮምቦልቻ ቅዳሜ ጠዋት ይመጣሉ፣ እኔ ከአዲስ አበባ ሄጄ እቀላቀላቸዋለሁ ተባለ። እኔ ግን ሁለት ቀን ቀድሜ ተነሳሁ። ለሰሚር «አገሩን ልይ» አልኩት። ቤተሰቡን ከሩቅ አይቼ አንድ የሚያስቀር ሰበብ ልፈልግ መሆኑን አልነገርኩትም።

ላምበረት መናኸሪያ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ስልክ ላይ ነበር፤ ሁሉም «መንገዱ ሰላም ነው?» ይላል። ሰላም ነው ተባለ፣ ተነሳን። ደብረ ብርሃን ላይ ካፖርትና ኮፍያ አድርጌ እንኳን ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ጣርማበር ዋሻ ገብተን ስንወጣ አገሩ ከእግራችን ሥር ተዘረጋ። ደብረ ሲና ቆሎ ገዛሁና ኮፍያውን አወለቅኩ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ካፖርቱ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ሸሚዜንም ላውልቀው ብል ሰው አፈርኩ። ኮልፌ ለአንድ ወቅት አንድ ልብስ ነው የሚለበሰው፤ በዚህ መንገድ ላይ ግን ክረምትና በጋ በአንድ ቀን ይፈራረቃሉ።

ሸዋ ሮቢት ሩዝ በሥጋ በልተን ስንመለስ የሆነ ሰው ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሻንጣውን አውርዶ ሄዷል። ያወረደው የኔን እንደነበረ ያወቅኩት ከሚሴ ስንደርስ ነው። የተረፈኝ ጥቁር ሻንጣ የኔኑ ይመስላል፤ ስከፍተው ግን ሁለት ብርድ ልብስና አንድ መጥበሻ ወጣ። ለሽምግልናው ያስተኮስኩት ሙሉ ልብስ እዚያው ሸዋ ሮቢት ቀርቷል።

«አብሽር ጋሼ» አለኝ ሹፌሩ፤ የወሎ ሰው ነውና ሲያጽናና ልማዱ ነው። «መጥበሻውን ያጣ ሰው ራሱ ይፈልገናል። ስልክዎን ይስጡኝ፤ ነገም ባይሆን ከነገ ወዲያ አመጣዋለሁ።»

በለበስኳት አንዲት ሱሪና ሸሚዝ ባጃጅ ተሳፍሬ የጦይባ አባት ሱቅ የት እንደሆነ ጠየቅኩ። ሁሴን ይባላል፤ ገመድ፣ ማረሻ፣ ማጭድና ጆንያ ይሸጣል። ከሱቁ ማዶ አንድ የኒም ዛፍ አለ። ከሥሩ ቆሜ ስልኬን የማይ መስዬ መሰለል ጀመርኩ። ኮልፌ ሰው ሱቅ ፊት ለፊት ከጠዋት እስከ ማታ ብትቆሙ ማንም አይጠይቃችሁም። ከሚሴ ላይ ግን የቆምኩት ስልኬን አንዴ አብርቼ እስካጠፋ ብቻ ነው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ኮቱ፣ ይግቡ እንጂ» አለ አንድ ቀጭን ረጅም ሰው፣ ሽርጡን ሰብሰብ አድርጎ አስፋልቱን እየተሻገረ። ሽርጥ እዚያ ወንዱ ሁሉ ወገቡ ላይ የሚያገለድመው ጨርቅ ነው። «እዚህ ሙቀት ላይ እንግዳ አይገተርም። ማንን ፈልገው ነው?»

ሰውየው ራሱ ሁሴን ነው። «ሆቴል እየፈለግኩ ነው» አልኩ ደንግጬ።

«ሆቴል ሰው ለሌለው ነው። እኛ እያለን?»

ስሜን ነገርኩት፣ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ መሆኔን ነገርኩት፣ አገር ለማየት እንደመጣሁም ነገርኩት። አንዱም ውሸት አልነበረም። ወዲያው ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤቱ አስገባኝና ባለቤቱ ፋጡማ የማሽላ እንጀራ በወጥ፣ ከጎኑም አንድ ጣሳ ወተት አቀረበች። እዚህ ላይ ትንሽ አሰብኩ። ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል ውሃ እንደማይቀምስ የማያውቅ የለም። ግን ሽማግሌነቴ የሚጀምረው ቅዳሜ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው። ሂሳቡ ትክክል መሰለኝና በላሁ። ሁሴን «ኛዹ፣ ይብሉ» እያለ ቆሞ ይጨምርልኛል።

ማታ ጦይባ ከሥራ ገባች። ነጭ ጋዋኗን ክንዷ ላይ ጥላለች፤ ዓይኗ ፈጣን ነው። እኔን ስታይ በሩ ላይ ትንሽ ቆም አለች፣ ከዚያ «እንኳን ደህና መጡ ጋሼ» ብላ አልፋ ገባች። ራት በላን። ከራት በኋላ ሁሴን «እርስዎ» ማለቱን ትቶ «አንተ» ይለኝ ጀመር። የማድርበት ልብስ እንደሌለኝ ሲሰማ ከሣጥን አዲስ ሽርጥ አውጥቶ አስታጠቀኝ፣ አጎበር የተሰቀለበት አልጋም ሰጠኝ።

ዓርብ

ጠዋት ቁርስ እንደበላን ሁሴን «ጨፋን ሳታይ ከሚሴን አየሁ እንዳትል» ብሎ ወደ ወንድሙ ማሳ ሊወስደኝ ይዞኝ ወጣ። ከቤቱ እስከ ባጃጁ ያለውን ርቀት ኮልፌ በአንድ ትንፋሽ እጨርሰዋለሁ፤ እዚያ ግን ሰላምታ አለ። ሁሴን አንዱን በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ» ብሎ ይጀምርና ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ጉልበቱ ጠይቆ በአማርኛ ይጨርሳል። ቀጣዩን በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል፣ መሀሉን በአልሀምዱሊላህ ይሞላዋል። ሰፈሬ ውስጥ ሰላምታ ማለት የመኪና ጥሩንባ ነው።

ጨፋ ሰፊ ሸለቆ ነው። ቦርከና በመሀሉ ይሄዳል፣ ግራና ቀኙ ማሽላና ጤፍ ነው፣ ረግረጉ ላይ ከብት እንደ ልቡ ይግጣል። የሁሴን ወንድም የማሽላ እሸት ጠብሶ በእጁ እያሸ አበላን፣ ከዚያ ጥንቅሽ ቆረጠልኝ። ጥንቅሽ አገዳው የሚጣፍጥ የማሽላ ዓይነት ነው፤ በጥርስ ልጠው ያኝኩታል። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ያኘክሁት የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። በሁለተኛው ንክሻ የፊት ጥርሴ ተነቃነቀች። ለማንም ሳልናገር ጭማቂውን ዋጥኩ።

ማሳው ዳር ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለን የእህቴን ስጋት ይዤ አንድ ጥያቄ ጣል አደረግኩ። «ሁሴን፣ እንዲያው አንተ ኦሮሞ ነህ ወይስ አማራ?»

«ኦሮሞ ነኝ» አለ። ጥቂት አኘከና ደግሞ፦ «እናቴ ግን ከወረኢሉ ናት፤ እስክትሞት ድረስ በአማርኛ ነው የመረቀችኝ። ከብት ስነዳ በኦሮምኛ ነው፣ ሂሳብ ስሠራ በአማርኛ። ባቲ ገበያ ስወርድ እንደሆነ ካፋሩም ጋር እግባባለሁ።»

«እንደሱ ከሆነ መልስ አልሰጠኸኝም» አልኩት እንደ አስተማሪ።

«ሰጥቼሃለሁ። ረዘመብህ እንጂ» አለና ልጣጩን ወረወረ።

እኔ ገና እሱን ስፈታ እሱ ወደ ራሱ ጭንቀት ገባ። «ከድር፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ ያዲሳባም ሰው ነህ። ምከረኝ። ነገ ለኢንተለ ቲያ፣ ለልጄ፣ ሽማግሌ ይመጣል አሉ። ልጁ ያዲሳባ ነው፣ ኮምቦልቻ ይሠራል። እኔ ክፉ አልሰማሁበትም። እናቷ ግን ሳምንቱን እንቅልፍ የላትም። ‹ወደ አገሩ ይዟት ይሄዳል፣ የልጅ ልጆቼ በስልክ ያወሩኛል፣ ያውም በማላውቀው ወግ› ትላለች። ያዲሳባ ልጅ እንዴት ነው?»

ሰበብ ፍለጋ ነበር የመጣሁት፤ ይኸው አባትየው ራሱ ለምኖ ሰጠኝ። «የአዲስ አበባ ልጅ አይታመንም» ብል ነገሩ እዚያው ማሽላ ውስጥ ያልቅ ነበር፣ እህቴም እፎይ ትል ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ ግን በፋጡማ ምሬት ውስጥ የዘይነባን ድምፅ ሰማሁት። ሰሚርም ትዝ አለኝ። «እንደ ልጁ ነው» አልኩና ዝም አልኩ። ያፈርኩት ዝም በማለቴ ነው። የሰው እሸት በልቼ፣ የሰው ሽርጥ ታጥቄ፣ ምከረኝ ላለኝ ሰው ፊቴን አዞርኩበት።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ቤት ገብተን ምሳ በላን፤ እኔ በአንድ ጎን ብቻ ነበር የማኝከው። ጦይባ አይታ ኖሯል። ማታ ከሥራ ስትገባ ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና የስልኳን መብራት አበራች።

«አፍዎን ይክፈቱ።»

ከፈትኩ።

«ፎቶዎን ሰሚር ስልክ ላይ አይቼዋለሁ፣ ቲቸር» አለች ጥርሴን በጓንት እየነካካች። «ትናንት በሩ ላይ ነው ያወቅኩዎት። አባቴ አያውቅም። አሁን አይዝጉት፣ ገና አልጨረስኩም። የመጡት ሊጠይቁኝ ነው ወይስ ሊያስቀሩኝ?»

ሰው አፉን ከፍቶ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲጠየቅ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። እኔ አፈጠጥኩ። ጨርሳ እጇን ስታወጣ «ጥርስዎ ትተርፋለች፣ ለጥቂት ቀን ጠንካራ ነገር አይብሉባት» አለችና መልሴን ቆማ ጠበቀች። እናቷ ጓዳ ናት፣ አባቷ መስጊድ ነው።

«ለሁለቱም» አልኳት። «ሰሚርን እሺ ብዬዋለሁ። እናቱንም እሺ ብያታለሁ።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ፊቴ ተቀመጠች። «ሰሚር ‹አጎቴ አንድ ቃል ነው ያለው› ይለኛል። ሲለኝ እፈራዎት ነበር» አለች። «እኔም እናቴን ሳይ ልቅር እላለሁ፣ እሱን ሳይ ልሂድ እላለሁ። የቱ ውሸት እንደሆነ አላወቅኩም።» ጓንቷን አወለቀች። «ነገ የፈለጉትን ይናገሩ፣ ጋሼ። ሰሚርን ግን እንዳይዋሹት። እንደ አባቱ ነው የሚያይዎት።»

ሠላሳ ዓመት የተማሪ ደብተር ሳርም አንድም ተማሪ እንዲህ አላረመኝም። ራት ቀረበ፣ በላሁ። ምን ላድርግ፣ እምቢ ካልኩ ፋጡማ ትደነግጣለች።

ቅዳሜ

ሐሳቤ ማልጄ ወጥቼ ሁለቱን ሽማግሌዎች መናኸሪያ ላይ ጠብቄ፣ ከነሱ ጋር እንደ አዲስ መምጣት ነበር። ከመውጣቴ በፊትም ለሁሴን እውነቱን ለመናገር ቆርጬ ነበር። ከእንቅልፌ ስነሳ ግን ሱሪዬና ሸሚዜ የሉም።

«አጠብኩልህ» አለችኝ ፋጡማ ደስ ብሏት። «አቧራ በልቶት ነበር። እስከ ቀትር ይደርቃል፣ አብሽር።»

ልብሴ ገመድ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ነው። ስለዚህ በሁሴን ሽርጥና በሁሴን ካናቴራ ቁርስ በላሁ፣ መፋቂያ አፌ ውስጥ አደረግኩ፣ ስልኬንም አንስቼ ለኮምቦልቻዎቹ ልደውል ስል በሩ ተንኳኳ። ቀድመው መጥተዋል። አንደኛው የሰሚር አለቃ ነው፣ ፎርማን፤ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው። ሁለተኛው የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። እንደ ወጉ ከበር ውጭ ቆመዋል። ከኛ በኩል ደግሞ፣ ይቅርታ፣ ከነሁሴን በኩል ማለቴ ነው፣ ሸህ ይማም መጥተዋል። ሸህ ይማም አበጋር ናቸው፤ በዚያ አገር አበጋር ማለት ክርስቲያኑም እስላሙም ደም እንኳ ቢፋሰስ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው።

«ከድር፣ ና አብረን እንቀበላቸው» አለኝ ሁሴን። እጄን ይዞ ወጣ።

ፎርማኑ አየኝ፤ መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ ሽርጤን፣ ቀጥሎ መፋቂያዬን። «ቲቸር፣ ቀድመው ገቡ እንዴ?» አለ። «እኛ መናኸሪያ ስንፈልግዎት ነበር።»

ሁሴን እጄን ለቀቀ።

«ይሄ ሰው ማነው?» አለ።

«የልጁ አጎት ናቸው፤ የሽማግሌዎቹ መሪ» አለ ፎርማኑ ምንም ሳይገባው።

ሁሴን ወደኔ ዞረ። «ትናንት ማሽላው ውስጥ ምከረኝ ስልህ ለምን ዝም አልክ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ልጁ እንዲሆንለት እንደለመነኝ፣ እናቱ እንዳይሆን እንደለመነችኝ፣ ለሁለቱም እሺ እንዳልኩ፣ ሰበብ ልፈልግ ቀድሜ እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ከተናገርኩት ይልቅ የሁሴን ፊት ነው የከበደኝ። የሸህ ይማም ጺም ውስጥ ብቻ ፈገግታ የመሰለ ነገር ይንቀሳቀሳል።

«አንተ፣ እዚህ ቤት እህል ቀምሰሃል?» አሉኝ።

«ቀምሻለሁ።»

«ስንቴ?»

ቆጠርኩ። «ስድስቴ። እሸቱ ከተቆጠረ ሰባቴ።»

ያኔ ሸህ ይማም ሳቁ። «ሰባቴ የበላ ሰው በር ላይ አይቆምም፤ የቤቱ ሆኗል። ና ወዲህ። ሁሴን ጎን ተቀመጥ። ጠያቂዎቹ ሁለቱ ናቸው፣ ይበቃሉ። አንተ በዚህ ቤት አፍ ትመልስላቸዋለህ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። የምራቸውን ነው። ተቀመጥኩ።

ፎርማኑ ጉሮሮውን ጠርጎ «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አለ። ሁሉም እኔን ያዩ ጀመር። መጋረጃው ጀርባ ፋጡማና ጦይባ እንዳሉ አውቃለሁ። መናገር ጀመርኩ። ይህ ቤት አንዲት ሴት ልጅ ነው ያለው አልኩ። ትወስዷትና እናቷ ከመጋረጃው ወዲያ የማን ድምፅ ልትሰማ ነው አልኩ። ልጃችሁ ሲናደድ ዝም ይላል፣ ሳምንት ሙሉ ስልክ አያነሳም፤ እዚያ ሩቅ አገር ዝም ቢላት ማን ያናግራታል አልኩ። እውነቴን ነው የምናገረው፣ ላቤ ይወርዳል፣ ያልኩት ሁሉ ትክክል ነው። ሁሴን ቀስ እያለ ወደኔ ዘንበል ሲል ተሰማኝ።

ፎርማኑ መልስ ሊሰጥ ሞከረ። ደህና ሰው ነው፣ ግን ነገር የሚያውቀው ከማሽን ጋር ነው። «ልጁ ሰዓት ያከብራል፣ ቀርቶም አያውቅም» አለና አለቀበት።

አልቻልኩም። «ይሄ ምን መልስ ነው?» ብዬ ከሁሴን ጎን ብድግ አልኩ። «ለምን ዝም እንደሚል ንገራቸው እንጂ። አባቱ የሞተ ዕለት ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እናቱ እንዳታለቅስ ብሎ አላለቀሰም። ቤቱ ጀርባ ሄዶ ተደብቆ አገኘሁት፣ አፉን በሁለት እጁ ይዞ። ከዚያ ወዲህ ሲከፋው ዝም ነው የሚለው። ክፉ ሆኖ አይደለም።» ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ ለእህቴም ቢሆን።

«የየትኛው ወገን ነህ አሁን?» አሉኝ ሸህ ይማም።

«የሁለቱም።»

«ደግ። አንድ ባንድ ተናገር።»

እንደዚያ ሆኖ ቀጠለ። ተቀምጬ ለጦይባ ቤት እጠይቃለሁ፣ ተነስቼ ለሰሚር እመልሳለሁ፣ ተመልሼ ተቀምጬ በራሴ መልስ አልረካም። የትኛውንም ስናገር ውሸት አልነበረም። በስተመጨረሻ ፎርማኑ ምስክር ብቻ ሆኖ ቀረ።

ከመጋረጃው ጀርባ የፋጡማ ድምፅ መጣ። «እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። እናቱ ለምን አልመጣችም?»

ተነሳሁ፣ መልሼ ተቀመጥኩ።

ሸህ ይማም ሸንጎውን ዘጉ። «ለዛሬ መልሱ እናስብበታለን ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። እናቲቱ ትምጣ። አላህ ያግራው።» ሁላችንም አሚን አልን።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወጉን አክብረው ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ። ምሳ ሲሸት ፎርማኑ በር ላይ ዞር ብሎ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። እኔ ምን ከለከለኝ፣ ገብቼ ከቤቱ ሰዎች ጋር በላሁ። ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ ሻንጣዬን ይዞ መጣ፤ ሙሉ ልብሴ እንደተተኮሰ አለ፣ መጥበሻውም ለባለቤቱ ሄደ።

ሁሴን እስከ አስር ሰዓት ድረስ አላናገረኝም። ከዚያ ሱቁ ደጃፍ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «የተናደድኩት ስለደበቅከኝ አይደለም» አለ። «ቤቴ ሁለት ሌሊት ፈርተህ ማደርህ ነው ያበሳጨኝ። እኔ ጋ ሰው ፈርቶ አያድርም።» ይቅርታ አልኩት። «አብሽር» አለኝና የማጭድ ገዢ ሊያስተናግድ ተነሳ።

እሑድ

እሑድ የሰንበቴ ከተማ ገበያ ነው። መንገዴም በዚያው ስለሆነ ሁሴን ሁለት ወይፈን ሊገዛ አብሮኝ መጣ። ፋጡማ ለእህቴ በቆርቆሮ ቅቤ ቋጥራ ሰጥታኛለች፤ «ለማላውቃት እህቴ በልልኝ» ብላኛለች። ጦይባ ጥርሴን አንዴ ነቅነቅ አድርጋ አየችና «እየያዘች ነው» አለች።

ሰንበቴ ላይ ከቆላ የመጣው አፋርና ከደጋ የወረደው ገበሬ አንድ በሬ መሀላቸው አድርገው ይከራከራሉ። ሁሴን ገባና አንዱን በአንዱ ቋንቋ፣ ሌላውን በሌላው እያባበለ ወይፈኖቹን ገዛ። እኔ ሁለት ቋንቋ የሚያወራ ሰው ከሁለቱ በአንዱ ውሸታም ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ለሁሉም ሲናገር ያው ሁሴን ነበር። እውነቴን ነው፣ ቀናሁበት። ተቃቅፈን ተለያየን፤ አውቶቡሱ እስኪንቀሳቀስ ድረስም ወይፈኖቹን ይዞ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ያው ነው፣ ልብስ እየደረቡ መውጣት። ጣርማበር ላይ ካፖርቴን ለበስኩ። «አንድ ቃል ያለው» የሚለው ስሜ ግን እንደ ድሮው አልገጥምህ አለኝ፤ ራሴን ማን ልበለው እያልኩ እስከ ደብረ ብርሃን አሰብኩና መልስ ሳላገኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። እንደ ሂሳብ አስተማሪ ያፈርኩ አይመስላችሁ፤ ደህና እንቅልፍ ነበር።

ዘይነባ በነጋታው ጠዋት ገና ሳልነሳ መጣች። ቅቤውን ሰጠኋት፣ ከማን እንደሆነ ነገርኳት፣ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና ዘጋችው።

«እሺ፣ ቀረ?» አለችኝ።

«አልቀረም፣ አልሆነምም። እናስብበታለን ነው ያሉት።»

«ምኑን ነው የሚያስቡበት?»

እነ ፋጡማ የሚሰጉትን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ አሁን እንደሆነ በቃሌ ነው የማውቀው። ልጃችን ትርቃለች፣ ሲናደድ ዝም ይላል፣ ሲዘጋት ማን ያናግራታል፣ እናቱም አልመጣችም። ዘይነባ ስትሰማ ጀርባዋ እየቀና መጣ።

«ልጄ ምን ጎድሎት ነው?» አለች። «ዝም ይላል? ለምን ዝም እንደሚል ያውቃሉ?»

«ነግሬያቸዋለሁ። ቤቱ ጀርባ፣ አባቱ የሞተ ዕለት።»

አየችኝ። ዓይኗ ውሃ ሞላ። «እኔም በመስኮት አይቼው ነበር» አለች በቀስታ። «ያየሁት እንዳይመስለው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ቅቤውን ጉልበቷ ላይ ያዘች።

«እኔ ራሴ እሄዳለሁ» አለች። «ልጄን ፊት ለፊቴ ይንቀፉት፣ እኔም እመልሳለሁ። ለመሆኑ ከድር፣ ይሰጡናል ወይስ አይሰጡንም?»

«እኛማ ገና እየመከርንበት ነው» አልኳት።